የእትዬ አስናቁ ቀማሽ

ክረምት ላይ ጎመን ሲቀቀል የሚወጣው ሽታ ያበሳጨኛል። ባለቤቴ ይህን አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ከአራዳ ሲመለስ ዝናብ የጠገበ፣ ግንዱ ላይ ጭቃው ያልደረቀ አንድ እቅፍ ጎመን ይዞልኝ መጣ። ደስ ይላታል ብሎ ነው። አጥቤ ጣድኩት። ክዳኑን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን መታኝና ማንም ሳይጠራኝ «አቤት፣ መጣሁ» ልል ምንም አልቀረኝም።

ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት በቀረኝ በዚያ ክረምት፣ ቁስቋም፣ አክስቴ ቤት፣ ድስት በተጣደ ቁጥር ስሜ ይጠራ ነበር። ገመድ እየዘለልኩ እጠራለሁ። ሽንት ቤት ተቀምጬ እጠራለሁ። «ነይ ቅመሺ» ነው ነገሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያን ጥሪ ግን አልረሳሁትም፤ ይቅር ማለትም ገና አልጀመርኩም።

እናቴ ሐምሌ ላይ ወንድሜን ወለደች። አራዳ ያለችው ቤታችን አንድ ክፍል ስለነበረች፣ እኔም ስገባ ስወጣ በር እየከፈትኩ አራስ ላይ ነፋስ የማስገባ ሆኜ ስለተገኘሁ፣ ወደ ታላቅ እህቷ ወደ እትዬ አስናቁ ተላክሁ። «ለሁለት ሳምንት ነው» ተባልኩ። ያ ሁለት ሳምንት እስከ ጳጉሜ ሄደ። አዋቂ ሰው ለልጅ ሲቆጥር ምን ዓይነት ቁጥር እንደሚጠቀም ያኔ ገባኝ።

በዚያ ቤት ሦስት ሰዎች ነበሩ። እትዬ አስናቁ፣ ባሏ አያ ተገኘ፣ የአያ ተገኘም እናት እማማ ደብሬ። አያ ተገኘ ግንበኛ ነው፤ ክረምት ላይ ግንባታ ስለማይኖር ቀኑን ሙሉ ቤት ተቀምጦ ሰው ላይ ይቀልዳል። እማማ ደብሬ ደግሞ ማድ ቤቱ በር አጠገብ ካለው መደብ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይውላሉ። ዓይናቸው ደክሟል ይባል ነበር፤ ማየት የፈለጉትን ግን አንድም ቀን አልሳቱም።

ቤቱ የእማማ ደብሬ ነበር። እትዬ አስናቁ ልጅ አልወለደችም፤ እዚያ ቤት ያስከበራት እጇ ብቻ ነው። ቁስቋም ውስጥ ተዝካር ያለበትም ማኅበር የደረሰበትም «አስናቁን ጥሩልኝ» ይላል። እማማ ደብሬ ማድ ቤታቸውን የለቀቁላት ለዚህ ነው እንጂ አዘዞ ያለችውን ሁለተኛዋን ምራታቸውን ሙሉነሽን ቢያስገቡ ደስ ይላቸው ነበር። ሙሉነሽ ሦስት ወንዶች ወልዳለች። «እሷ እዚህ ብትሆን ቤቱ ይሞላ ነበር» ይላሉ። በሹክሹክታ አይደለም፤ እትዬ አስናቁ ሽንኩርት እየከተፈች፣ እየሰማች ነው የሚሉት።

ጓሮም ነበር። ጓሮ ስል የሚያምር ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከቤቱ ጀርባ ቁልቁል የሚወርድ ጭቃ ነው። ላዩ ላይ ጎመን፣ መሀሉ ላይ ድንችና ቃሪያ፣ አጥሩን ይዞ በቆሎ፣ ሽንት ቤቱ ቆርቆሮ ላይ የወጣ ዱባ። ለዚያ ጭቃ የወጣው ሕግ ለከተማው አልወጣም። ጎመን ጠዋት ነው የሚቀነጠሰው፤ ፀሐይ ካየው ይመራል። ቢላ አይነካውም። የታችኛው ቅጠል ለዛሬ ነው፣ የመሀሉ ለነገ፣ ጫፉን የነካ ሰው እጁ ይቆረጥ። ድንች ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ይቆፈራል። በቆሎ ደግሞ፣ ይኸኛው ነው ያቃጠለኝ፣ መጀመሪያ ውሃው ይጣዳል፤ ውሃው ሲፈላ ነው ከአገዳው የሚገነጠለው።

«ውሃው ፈላ፣ ሩጪ» ትለኛለች።

በዚያ ጭቃ ላይ እሮጣለሁ። ወድቄ፣ ተነሥቼ፣ አራት በቆሎ አቅፌ እመለሳለሁ።

«ቅድም፣ ዝናቡ ሳይመጣ ለምን አልቆረጥነውም?»

«ስኳሩ ይሸሻላ።»

ስኳር እግር እንዳለው ያኔ ነው የሰማሁት። በቆሎ በገነጠልኩ ቁጥር ከልጣጩ ሾልኮ የሚወጣ ነገር እንዳለ አጎንብሼ አያለሁ። አንድ ቀን ጉንዳን ሲወጣ አየሁና «እትዬ፣ ያዝኩት» ብዬ በጣቶቼ መሀል ይዤላት ሄድኩ። አያ ተገኘ ሳምንት ሙሉ ሳቀብኝ።

ነሐሴ ባተ፤ ፍልሰታ ገባ። ቤቱ በሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሴ እስኪወጣ፣ ውሃ እንኳ አይቀምስም። ጎረቤታችን ትርንጎ ሰባት ዓመት ስለሞላት ትጾማለች፤ ነጭ ነጠላ ለብሳ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ቁስቋም ትቆርባለች። እኔ ብቻ ቀረሁ።

«እኔም እጾማለሁ» አልኩ።

«መቼ ነው ሰባት የሚሞላሽ?» አለች እትዬ አስናቁ።

«ጳጉሜ።»

«እንግዲያ ጳጉሜ ላይ ጹሚያ።»

«ጳጉሜ ፍልሰታ የለም።»

«ታዲያ ምነው ቸኮልሽ? በይ ነይ፣ እጅሽን ዘርጊ።»

ሥራዬ የተጀመረው እንዲህ ነው። እሷ ጾመኛ ናት፤ ወጡን መቅመስ አትችልም። እኔ አልጾምም፤ ስለዚህ ምላሴ የቤቱ ሆነ። ማማሰያውን ታወጣና መዳፌ ላይ ታንጠባጥባለች። ያቃጥላል። እፍ እፍ ብዬ እልሳለሁ። ከዚያ ምርመራው ይጀምራል። ጨውስ? ቃሪያው ሰጠ? ነጭ ሽንኩርቱ ጥሬ ጥሬ ይላል? ዘይቱስ በስሏል? «ልክ ነው» ብል አትለቀኝም፤ «ልክ ነው አትበይኝ፣ አስቢ» ትላለች። ስለ ጎመን ምን ይታሰባል? ውጭ ትርንጎ ገመዱን ብቻዋን ይዛ ትጠብቀኛለች፤ እኔ ስለ ጎመን አስባለሁ።

አያ ተገኘ ነገሩን አባሰው። «የንጉሥ ቀማሽ መጣች» ይላል ባየኝ ቁጥር። «ያን ጊዜ ነገሥታቱ ከመብላታቸው በፊት የሚቀምስላቸው ሰው ነበራቸው አሉ። መርዝ ካለበት መጀመሪያ እሱ ይሞታል።» ሳይስቅ ነው የሚናገረው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ወጥ ከላስኩ በኋላ ጥግ ይዤ እስከ አስር እቆጥር ነበር። አስር ስደርስና ሳልሞት ስቀር «ልክ ነው» እላለሁ። እትዬ አስናቁ እያሰብኩ ስለመሰላት በጣም ታመሰግነኝ ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ቃሪያ ልቀጥፍ ጓሮ ወርጄ ስመለስ ከማድ ቤቱ ጭስ ይወጣል። ሽንኩርቱ ድስቱ ላይ ከስሏል። እትዬ አስናቁ አጠገቡ ቆማ፣ ማማሰያውን ይዛ፣ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ በመስኮቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እያየች ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። «እትዬ፣ አረረ» ብዬ ስጮህ እንደ ነቃ ሰው ዞር አለች። በልጅነት ሐሳቤ፣ ጸሎት ውስጥ በጣም ከመግባቷ የተነሣ አፍንጫዋ እንኳ እዚህ የለም አልኩ። ለትርንጎ «አክስቴ ቅድስት ልትሆን ነው» ብዬ ነገርኳት።

ትርንጎ ግን በእኔ ቤተሰብ ቅድስና አልተደነቀችም። «አንቺስ?» አለችኝ። «እጅሽን አሽትቺኝ።» መዳፌን አሸተተችው። «ጎመን ጎመን ትያለሽ። የበላ ሰው ከእኛ ጋር መቆም አይችልም።» ልጆቹ ሲቆርቡ እኔ ውጭ በር ላይ ነበር የምቆመው። ጠላኋት። ቢሆንም ሌላ መካሪ ስላልነበረኝ ምን ባደርግ እንደሚሻል ጠየቅኋት። አሰበችበት። ሦስት ቀን ሙሉ ከጾምኩ እመቤታችን የፊቱን ትተውልኛለች አለች። በምን ሥልጣን እንደተናገረች አላውቅም፤ ቁርጥ አድርጋ ስለተናገረች አመንኳት።

እንግዲህ ጾም ያዝኩ፤ በድብቅ። ቁርሴን ለግቢው ውሻ እሰጣለሁ። መዳፌ ላይ የሚንጠባጠበውን ወጥ ደግሞ ወደ አፌ አስጠግቼ ከንፈሬን አጮሃለሁ፤ ከዚያ ፊቴን ዞር አድርጌ ቀሚሴ ውስጥ እጠርገዋለሁ። ዋሽቼ እንደምጾም ልብ አላልኩም። ጾም ማለት አለመብላት ነው፤ አልበላሁም፤ በቃ። የመጀመሪያው ቀን «ልክ ነው» አልኩ፤ ልክ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ሁልጊዜ «ልክ ነው» ማለት ያሳብቅብኛል ብዬ ፈራሁና «ትንሽ ጨው ጎደለው» አልኳት። ጨመረች። እንደገና አስቀመሰችኝ። «አሁንም ትንሽ» አልኩ። ጨመረች።

የድንች ወጥ ነበር። ጠዋት በእጇ ከጭቃው ያወጣችው፣ ቆዳው በጣት ሲታሽ የሚለቅ ለጋ ድንች ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁላችንም ትሪውን ከበብን። እትዬ አስናቁ መጀመሪያ ቆረሰች፣ ጎረሰች፣ «ሸጋ ነው፣ ብሉ» አለች። አያ ተገኘ ጎረሰና ማኘኩን አቆመ። ቀልደኛው ሰው ቀልዱን ትቶ ውሃ አነሣ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ የራበኝ ልጅ፣ አንድ ጉርሻ ዋጥኩና ዓይኔ እንባ ሞላ።

«ምነው አስናቁ» አሉ እማማ ደብሬ፣ «አሞሌውን እንዳለ ከተትሽው?»

እትዬ አስናቁ እጇ መንገድ ላይ ቆመ። መጀመሪያ እሳቸውን አየች፣ ቀጥሎ አያ ተገኘን፣ ቀጥሎ እኔን። እኔ ትሪው ላይ ያለውን የአበባ ሥዕል አየሁ። ለመናገር ጊዜ ነበረኝ። አልተናገርኩም።

«ልጅቷ ቀምሳዋለች እኮ» አለ አያ ተገኘ።

«ሕፃን ምን ታውቃለች? እኔ አርባ ዓመት ሙሉ በፍልሰታ ሳልቀምስ ሠርቻለሁ። እጅ ያለው ሰው ምላስ አይበደርም።» መቁጠሪያቸውን ሰበሰቡ። «ለጾሙ ፍቺ ሙሉነሽ ትምጣ። ማድ ቤቱን ትያዝልኝ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እናያለን።»

እትዬ አስናቁ ወደ ትሪው ተመለሰች። አጎንብሳ ያን ድንች በላችው። እኛ ሁላችን ደረቅ እንጀራ ስንቆረጥም እሷ የፊቷን ጠርጋ በላች፤ ውሃም አልጠጣችበት፤ ፊቷም አልተኮማተረም። እየቀጣችኝ ነው ብዬ አሰብኩ። «አየሽ፣ ያንቺን ኃጢአት እኔ እየበላሁልሽ ነው» እያለችኝ መሰለኝ። ብትቆጣኝ፣ ብትቆነጥጠኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን ማታም አልተቆጣችኝም፣ በማግስቱም አልተቆጣችኝም። በማግስቱ ጠዋት የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ነይ ቅመሺ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በትክክል ቀመስኩ። ሦስት ቀን የጾምኩትም ከዋሸሁበት ወዲያ አልተቆጠረልኝም፤ ትርንጎንም ዳግመኛ አላማከርኳትም። ፍልሰታው እስኪያልቅ በር ላይ ቆሜ ልጆቹ ሲቆርቡ አየሁ። በእትዬ አስናቁ ተናደድኩ፣ በእማማ ደብሬ ተናደድኩ፣ በጳጉሜ ተናደድኩ። ከሁሉ በላይ ሙሉነሽ ትመጣለች የተባለው አስጨነቀኝ፤ በእኔ ምክንያት መሆኑን አውቅ ነበርና።

ነሐሴ አስራ ስድስት ደረሰ። ቅዳሴው ወጣ፤ ጾሙ ተፈታ። ሙሉነሽ ሦስቱን ልጆቿን አስከትላ መጥታ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከሰው ጋር ሰላምታ ላይ ቆየች። እትዬ አስናቁ ቀድማ እየሮጠች ተመለሰችና ጠዋት ሠርታ የተወችውን ዶሮ ወጥ ምድጃው ላይ መለሰችው። እኔ ዛሬ ነፃ ወጣሁ ብዬ ገመዴን ይዤ በር ላይ ነኝ።

«ነይ ቅመሺ።»

አላመንኩም። «ጾሙ ተፈቷል እኮ» አልኳት። «ራስሽ ቅመሺው።»

«ነይ ስልሽ።»

«ራስሽ ቅመሺ። እኔ ደከመኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደከመኝ።»

መንገዱን አየች። ሰው የለም። ማማሰያውን አወጣች፣ በራሷ መዳፍ ላይ አንጠባጠበች፣ ላሰች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ምላሷ የነገራትን ነገር የምትናገር መስሎኝ ጠበቅሁ፤ እሷ ግን ፊቴን ታያለች። እኔም በንዴት ወደ ድስቱ ሄድኩና ቀመስኩ። ያን የመሰለ ዶሮ ወጥ ከዚያ በፊት አልቀመስኩም፤ ጨውም በርበሬውም በቦታው ነው። ተንኮሌ መጣ። ላናድዳት ፈልጌ «ጨው የሚባል የለውም» አልኳት።

አሁን በአፏ ያለ ወጥ ነው። አሁን የላሰችው። ይህን ያህል ትቀልጂያለሽ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ እጇን ወደ ጨው ጣሳው ሰደደችና ጭብጥ ሙሉ ዘግና አወጣች።

እጇን በሁለት እጄ ያዝኩት። «እትዬ፣ ዋሽቼ ነው። ልክ ነው። ዋሽቼ ነው።»

ጨውን ቀስ ብላ ወደ ጣሳው መለሰች። በሩን ገርበብ አደረገችው። በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ ቁመታችን እኩል ሆነ።

«ሚያዝያ ላይ ያመመኝ ጊዜ ነው» አለችኝ። «ትኩሳቱ ሲለቀኝ ይኼም አብሮ ሄደ። ሽታም የለኝ፣ ጣዕምም የለኝ። ጎመኑም ጭቃ ነው፣ ዶሮውም ጭቃ ነው።»

«ለአያ ተገኘ ንገሪው።»

«ለእናቱ ይነግራል።»

«ሐኪም ቤት ሂጂ።»

«ሄጃለሁ። ይመለሳል ብሎኛል። መቼ እንደሚመለስ ግን አልነገረኝ።» በነጠላዋ ጫፍ የእኔን መዳፍ ጠረገችልኝ። «ፍልሰታው ሲገባ ደስ አለኝ። ሁሉም የማይቀምስበት ጊዜ ነዋ። ከመስከረም በፊት ይመለስ ይሆናል ብዬ።»

አዘንኩላት ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ግን ንዴት ነው። ይህን ከመጀመሪያው ብትነግረኝ ኖሮ ድንቹ ላይ እንደዚያ አላደርግም ነበር። ያን ድንች እኔን ልትቀጣ አልነበረም የበላችው፤ ስላላወቀችው ነው። ይህ ሲገባኝ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሷም «ዝም በይ፣ ሙሉነሽ መጣች» አለችኝ።

ሙሉነሽ ገብታ መቀነቷን አጥብቃ፣ ጭልፋ ይዛ ድስቱን ከፈተች። ቀመሰች። ደግማ ቀመሰች። እማማ ደብሬ ከመደቡ ላይ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። «ልክ ነው እማማ» አለች ሙሉነሽ፤ ቅር እያላት። «የሚጨመርበት ነገር የለም።» በላች፣ ልጆቿን አበላች፣ ዝናቡ ሳይጥል ወደ አዘዞ ተመለሰች። እማማ ደብሬ ስለ ማድ ቤቱ ምንም አላነሡም፤ ትተውታል ግን አላልንም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት የባሱ ነበሩ። ድሮ የምጠራው ለወጥ ብቻ ነበር፤ አሁን ለሁሉም ነገር ሆነ። ዘይቱ ሸቷል ወይ? ወተቱ ጠንዝቷል ወይ? ድስቱ ሥሩን ይዟል ወይ? አፍንጫም ምላስም ሆንኩ። ገመድ ዝላይ አንድም ቀን ከሃያ በላይ አልሄድኩም። እምቢ ማለትም አልቻልኩም፤ ምሥጢሩን ካወቅሁ በኋላ እምቢ የማለት መብቴን የወሰደችብኝ መስሎ ይሰማኝ ነበር።

ከሁሉ የከፋው የበቆሎው ጥያቄ ነው። ዝናብ ላዩ ላይ እየወረደ ከጓሮ አምጥቼ፣ ቀቅላ፣ ሁለታችን ማድ ቤት ተቀምጠን እንበላለን። እሷ ረድፍ በረድፍ፣ ቀስ ብላ ትበላለች።

«ምን ምን ይላል?» ትለኛለች።

«በቆሎ በቆሎ ነዋ።»

«እሱን አውቃለሁ። ምን ምን ይላል?»

ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? የስድስት ዓመት ልጅ ነኝ። «ይጣፍጣል» አልኳት። አልበቃትም። «ወተት ወተት ይላል፣ ገና ሳይፈላ» አልኳት። ማኘኳን አቆመችና ዓይኗን ጨፈነች። ትንሽ ቆይታ «እውነትሽን ነው፣ እንደዚያ ነበር» አለች። ሌላ እንዳትጠይቀኝ ፈጥኜ ቆረቆንዳውን ይዤ ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው ብቆይ ምን ነበረበት እላለሁ፤ ያኔ ግን ትርንጎ እየጠበቀችኝ ነበር።

ጳጉሜ ገባ። ወንድሜ ክርስትና ተነሥቶ ነበርና እናቴ እሱን ታቅፋ ልትወስደኝ እንደምትመጣ ተላከብን። እትዬ አስናቁ ለእህቷ ክብር ሽንት ቤቱ ላይ ያለውን የመጀመሪያውን ዱባ አስወረደች፤ አያ ተገኘ መሰላል ላይ ወጥቶ ሲያወርደው የተናገረውን ቀልድ እዚህ አልጽፈውም። ዱባው እየተከተፈ እያለ እማማ ደብሬ «ልጅቷ ሄዳ እናቷን ከመንገድ ትቀበል፤ ሕፃን ታቅፋለች፣ ዣንጥላ ትያዝላት» አሉ። እትዬ አስናቁ «ትንሽ ቆይታ ትሂድ» አለች። «ዝናብ ሳይጥል አሁን ትሂድ» አሉ። ሄድኩ።

እናቴን ያመጣችው ባጃጅ ዳገቱ ላይ ጭቃ ውስጥ ገባች። ሹፌሩ ወርዶ ገፋ፣ ሁለት መንገደኞች ገፉ፣ እኔ ዣንጥላ ይዤ ቆምኩ። እናቴ ወንድሜን አቅፋ «አደግሽ» አለችኝ፤ እኔ ስለ ዱባው እያሰብኩ ነበር። ቤት ስንደርስ ትሪው ቀርቧል። እትዬ አስናቁ እህቷን ስማ፣ ሕፃኑን ተቀብላ፣ በእናቴ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። መቅመሻ ጊዜ አልነበረም።

ተቀመጥን። እናቴ ጎረሰች፤ ከዚያ ጉርሻውን ይዛ ቆየች። ዱባው ጨው አልነበረውም፤ አንድ ቁንጥር እንኳ። ጣፋጭ፣ ልፍስፍስ ያለ፣ በርበሬው ብቻውን የቀረ ነገር ነው። ይህን ግን በቃል ያወጣ የለም። እናቴ «እትዬ፣ እኔ እኮ በልቼ ነው የመጣሁ» አለች። አያ ተገኘ ጣራውን አየ። እትዬ አስናቁ ዓይኗ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል፤ እንጀራውን ቆርሳ በእጇ ይዛዋለች፤ ትብላው አትብላው አታውቅም።

እማማ ደብሬ ትሪውን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። «በእንግዳ ፊት» አሉ፣ በቀስታ። «ሁለተኛ ጊዜ ነው። ይህን ወጥ ማን ቀመሰው?»

እትዬ አስናቁ አፏን ከፈተች። ልትናገር እንደሆነ አየሁ፤ ሁሉንም ልትናገር ነው። ሙሉነሽ ሦስት ልጆቿን አስከትላ በር ላይ ስትደርስ ታየኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ቀምሼ ልክ ነው አልኳት። መጫወት ፈልጌ ነው።»

«የዚያን ቀኑስ ድንች?»

«እሱንም እኔ ነኝ።»

ከሁለቱ አንዱ እውነት ነበር። እናቴ ከትሪው ሥር ጭኔን ያዘችና እየጠመዘዘች ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ እስከ አዲስ ዓመት ቆይቷል። በፊታቸው አሳፈርሽኝ፣ ሰው ቤት ተቀምጦ ባለሙያ ማዋረድ ከማን ተማርሽ፣ ሌላም ብዙ አለች። እማማ ደብሬ ግን ሳቁ። በዚያ ክረምት ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። «አየሽ አስናቁ» አሉ፣ «ሕፃን አምነሽ። ከእንግዲህ በገዛ እጅሽ ሥሪ፤ እጅሽ ይበቃሻል።» የማድ ቤቱ ነገር በዚህ ተዘጋ። እትዬ አስናቁ አንድ ቃል አልተናገረችልኝም። አንገቷን ደፍታ ሕፃኑን አባበለች። ስቆነጠጥ አላየችም ማለት አልችልም፤ ጎኔ ነበረች።

ዝናቡ ሲያባራ ባጃጁ ተጠራ። እናቴ ሕፃኑን ይዛ ቀድማ ገባች። እኔ አኩርፌ፣ ሳልሰናበት ልሳፈር ስል እትዬ አስናቁ ክንዴን ያዘችኝና ከቤቱ ጥግ ወሰደችኝ። ታመሰግነኛለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ፊቴን አዘጋጀሁ። ወደ ጆሮዬ አጎነበሰች።

«ምን ሆኖ ነበር?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ዱባው።»

«ጨው አልነበረውም።»

ቀና አለች። «እኔ ደግሞ» አለች፣ «አርሮ መስሎኝ ነበር።»